የረቡዕ ውሸት

በሃያ ዓመት የላቦራቶሪ ሥራዬ ብዙ ሰው ዋሽቶኛል። ጫቱን ጉንጩ ውስጥ ይዞ «ቅሜ አላውቅም» ያለኝ አለ፤ መድኃኒቱን ሳይጀምረው «ጨርሼዋለሁ» ብሎ የማለልኝም አለ። እንደ ሩቂያ ሙሳ አድርጎ የዋሸኝ ግን የለም። ሩቂያ ከኔ ክፍል ሦስተኛው በር ላይ የምትሠራ የክሊኒካችን የካርድ ክፍል ኃላፊ ናት። ዕድሜዋን ሁሉ እውነት ስትናገር ኖራ መዋሸት የጀመረችው በአርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ያውም በፈቃድ፣ ያውም ረቡዕ ቀን እየመረጠች።

ክሊኒካችን ያለው ሸዋ ሮቢት፣ ከደሴው አስፋልት ዳር ነው። ስሙን አልጠራም። እኔ ሳልህ እባላለሁ፤ ይህን የምጽፈው ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደህና ቦታም የለኝ።

ሩቂያ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት። አባቷ ሙሳ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ገበያ ውለው ሲመለሱ ከሸጡት ይልቅ ያገኟቸውን ሰዎች ይቆጥሩላት ነበር አሉ፤ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሊት የእገሌ ሚስት እያሉ። እሷም ያንን ወረሰች። ሮቢት አግብታ መጥታ ክሊኒኩ ውስጥ በካርድ ሠራተኝነት ስትቀጠር ካርዱ ወረቀት ነበር፤ ሩቂያ ደግሞ ቁጥር አትጠይቅም። «የቀወቱ የኑርሁሴን ልጅ አይደለህ? እናትህ ስኳር ያለባት?» ትልና እጇን ወደ መደርደሪያው ትሰዳለች። አንድም ቀን ተሳስታ አላየኋትም።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ወረቀቱ ሁሉ ታስሮ ከኋላ ያለው ዕቃ ቤት ገባ። የቆላ ምስጥ ደግሞ ታውቁት እንደሆነ ተከራይ አይደለም፣ ባለቤት ነው፤ በሁለት ክረምት ውስጥ የአሥራ ምናምን ዓመት ካርድ በልቶ አፈር አደረገው። ማንም አላዘነም። ኮምፒውተሩ አለ ብለን ነዋ።

ካቻምና በጥቅምት ስልክ ተደወለ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። የሙሳ ልጅ ነሽ?» አለ ሰውዬው። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው። «አባትሽን አሊዩ አምባ ገበያ ላይ አውቃቸዋለሁ። እንዲያ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!»

አባቷ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሰውዬው የእናቷን ጤና ጠየቀ፣ የልጆቿን ጠየቀ፤ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ማሽላውን ጠየቀ። እሷም መለሰች፣ እሷም ጠየቀች። ሩብ ሰዓት ያህል ተመራረቁ። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩን በገጠመው ድርጅት ውስጥ እንደሚሠራ፣ አንድ ብልሽት እንደታየ፣ የይለፍ ቃሉን ብትነግረው ካለበት ሆኖ እንደሚያስተካክለው ያጫወታት።

እስቲ ፍረዱ። ለአባቷ ሩብ ሰዓት ሙሉ ዱዓ ያደረገን ሽማግሌ «ማን እንደሆንክ በምን አውቃለሁ?» ብላ ትመልሰው? ከኛ አገር ሰው ማን ያደርገዋል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ነገረችው።

ሰዓት ሳይሞላ የሁላችንም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ፋይላችሁ ተቆልፏል፣ ካልከፈላችሁ አይከፈትም ነው ነገሩ። የክሊኒኩ ባለቤት ሐጂ አብዱልሰመድ «ለሌባ አምስት ሳንቲም አልከፍልም» አሉ፤ እኔም እስከ ዛሬ ልክ ነበሩ እላለሁ። ኮምፒውተሩ በኋላ ታጥቦ ከባዶ ቢጀምርም የሦስት ዓመት የበሽተኛ ታሪክ ግን እዚያው ተቆልፎ ቀረ። የቀደመውን ደግሞ ምስጥ በልቶታል።

በአራተኛው ቀን ኑርሃን የምትባል የቀወት ሴት በባጃጅ መጣች። ትኩሳት አቃጥሏት ራሷን አታውቅም። ይዟት የመጣው ጎረቤት ስሟን እንጂ ሌላ አያውቅም። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ሩቂያ ራሷ ከዓመት በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ጽፋላታለች፤ ኮምፒውተሩ ግን አይናገርም። ሩቂያ ፊቷን አይታ አውቃት ነበር። «ይቺን ልጅ የሆነ መድኃኒት አይወድላትም፤ የትኛው እንደሆነ ነው የጠፋኝ» እያለች ከክፍል ክፍል ስትሮጥ መርፌው ተወጋ። የኑርሃን ፊት አበጠ፣ ትንፋሿ ተቆረጠ። ነፍሷ ሳትወጣ ደብረ ብርሃን አደረስናት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ትሙት ትዳን ሳናውቅ ቆየን። አላህ አተረፋት።

ሩቂያ የሥራ መልቀቂያ ጻፈች። እኔ ጋ አምጥታ ፊደሉን አሳረመችኝ፤ አረምኩላት። ከዚያ ለሐጂ በመስጠት ፈንታ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ቀወት ሄደች። ኑርሃን ቤቷ ተቀምጣ ማሾ ትለቅም ነበር።

«አፉ በይኝ፣ እህቴ» አለቻት ሩቂያ። «የይለፍ ቃሉን ለሌባ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያንን ባላደርግ አንቺም ያ ሁሉ ባልደረሰብሽ።»

ኑርሃን እጇን ከማሾው አላነሳችም። «አፉ ብያለሁ» አለች። «ግን እንዲህ ያለው ነገር ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ አድርጊ። ያለዚያ አፉታዬ ለምንሽም አይሆንሽ።»

ሩቂያ ወረቀቱን ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ቀደደችው። «ብሄድ የሚመጣው ሰው እንደኔው ይሳሳታል፤ እኔ ቢያንስ አንዴ ተሳስቻለሁ» አለችኝ በማግስቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጉዳይ ብቻ ነበራት፤ ያ ስልክ እንደገና ሲደወል ክሊኒኩ ውስጥ የሚሸነፍ ሰው እንዳይኖር። አላበደችም እንጂ ለማበድ ትንሽ ነበር የቀራት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በጥር ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ መጣልን። ኑዕማን ይባላል፤ ትሑት ወጣት ነው፣ ሙቀቱ ግን ገደለው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ስንት ሃይላንድ ውሃ እንደጠጣ ቆጥረን ነበር። የሥልጠናው ዋና ነገር የማስመሰል ልምምድ ነበር፤ ሐሰተኛ ኢሜይል ልኮብን ማን እንደሚከፍተው፣ ማን እንደሚጠረጥር ማየት። አሥራ ስድስታችንም መቶ ከመቶ አመጣን። ተጨበጨበልን፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠን፣ ፎቶ ተነሣን።

ፎቶው ላይ ሩቂያ የለችም። ፎቶ አንሺው ሲያስተካክለን እሷ አሠልጣኙን ግድግዳ ጥግ ይዛዋለች።

«ወንድሜ፣ መቶ ከመቶ ያገኘነው ጎበዝ ስለሆንን አይደለም» ትለዋለች። «እዚህ ቤት ኢሜይል የሚከፍት ሰው ስለሌለ ነው። ዘበኛችን ጋሽ ከበደም መቶ አገኙ፤ ስልካቸው እንኳ በችቦው ነው የሚታወቀው። እኔን ያስበላኝ ኢሜይል አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ሰላምታን የሚለማመዱት እንዴት ነው?»

ኑዕማን ላቡን ጠረገ። «እሱን እኔ ልሠራላችሁ አልችልም» አላት። «ሰላምታችሁን አላውቀውማ። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ይህን ብሎ አዲስ አበባ ገባ። እሷ ቃሉን ይዛ ሐጂ ቢሮ ገባች።

ሐጂ አብዱልሰመድ ደግ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ግን እሾህ አለው። ከዚያ ጥቅምት ጀምሮ በካርድ ክፍሉ መስኮት ባለፉ ቁጥር «ሩቂያ፣ ዛሬስ ማን ደወለ?» ሳይሏት አያልፉም። ለሳቅ ነው። ሩቂያም ትስቃለች፤ ከሳቀች በኋላ ግን እጇን ምን ላይ እንደምታሳርፈው ሲጠፋት አይቻለሁ።

የጠየቀቻቸው ሦስት ነገር ነው። በየወሩ አንድ ረቡዕ፣ የትኛው እንደሆነ ሳይነገር፣ ሐሰተኛ ስልክ እንዲደወልብን። በዚያው ቀን ኮምፒውተሩ ሁሉ ለግማሽ ቀን ጠፍቶ በወረቀት እንድንሠራ። ሦስተኛውን ስትናገር ቆማ ነበር አሉ።

«አንቱ ራስዎ ቢደውሉም ሳናረጋግጥ እምቢ እንድንል ይፍቀዱልን። እምቢ ያለ ሰውም እንዳይባረር።»

«የታመመ ሰው በር ላይ ተኮልኩሎ ዕቃ ዕቃ ልትጫወቱ ነው?»

«ጨዋታ አይደለም፣ ሐጂ። ኑርሃንን ያስታውሱ።»

ሐጂ ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ ሁላችንንም ግቢው ውስጥ ሰበሰቡና «ብደውልም እምቢ በሉኝ። ወላሂ አልቆጣም» ብለው ማሉ። ሳቅን። የሐጂን ቁጣ የምናውቅ ሰዎች ነን።

ሩቂያ አንድ ነገር ቀራት። ውሸት ሐራም ነው፤ እሷ ደግሞ ሶላቷን የማታሳልፍ ሴት ናት። የመስጊዳችን ሸህ ጋ ሄዳ ነገሩን አስረዳች። ሸሁ አሰቡ አሰቡና «እንግዲያው ውሸቱ በልባቸው እንዳያድር» አሏት፤ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ለያንዳንዱ እውነቱን ንገሪ፣ አፉታም ጠይቂ።» ከዚያ ወዲህ የልምምዱ ሕግ ይኸው ሆነ። ጠዋት ትዋሻለች፤ አሥር ሰዓት ሲሆን በር ለበር እየዞረች አፉ በሉኝ ትላለች። እንዲህ ያለ የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና ኑዕማን በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አይመስለኝም።

ለመዋሻ ድምፅ የመረጠችው አጎቷን አሊዪን ነው። አሊዩ አምባ የሚኖሩ፣ ድምፃቸው እንደ ማር የሚወርድ፣ ሲመርቁ የአርጎብኛ ቃል ጣል የሚያደርጉ ሽማግሌ። የያንዳንዳችንን የአባት ስም፣ የእናት አገር፣ ማን እንደታመመብን፣ ማን እንደወለደልን ጽፋ ሰጠቻቸው።

የመጀመሪያው ረቡዕ በመጋቢት ደረሰ። እኔ ጋ ሦስት ሰዓት ላይ ተደወለ። «ሳልህ፣ የአያትህ ማሳ ከኛ ማሳ ጋር ኩታ ገጠም ነበር» አሉኝ። ወላሂ፣ የአያቴን ማሳ ያስታወሰኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። እንባዬ መጣ። የይለፍ ቃሌን ሲጠይቁኝ ሰጠኋቸው ብቻ አይደለም፤ እንዳይሳሳቱ ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው።

ሩቂያን ሳንቆጥር ከአሥራ አምስታችን አሥራ ሁለታችን ሰጠን። ጋሽ ከበደ የይለፍ ቃል የሚባል ነገር የላቸውም፤ «ሰውዬው እንዳይቀየሙኝ ብዬ» የመጋዘኑን ቁልፍ የት እንደሚያስቀምጡ ነገሩ። ካልሰጡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ስልካቸው ዝግ ነበር። ሦስተኛዋ ሒክማ ናት፤ የካርድ ክፍሏ ወጣት ሠራተኛ፣ ዓይነ አፋርነቷ የታወቀ። እሷም ጠርጥራ አይደለም፤ ደንግጣ የይለፍ ቃሉ ጠፍቷት ነው።

ኮምፒውተር የጠፋበት ግማሽ ቀን ደግሞ ጉድ ነበር። ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት፣ የገበያ ቀን፣ ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ። ወረቀት የሚያገላብጠው ጠፋ፣ እስክሪብቶ ጠፋ፣ ሰው ተጯጯኸ። አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ከኔ ክፍል የእርግዝና ውጤት ተሰጠው። ኔጋቲቭ ነው፣ ደግነቱ።

አሥር ሰዓት ላይ ሩቂያ በሬ ላይ ቆመች። «ሳልህ፣ የደወሉት አጎቴ ናቸው። ዋሽቼሃለሁ፣ አፉ በለኝ። የይለፍ ቃልህንም አሁን ቀይረው።»

አፉ አልኳት በአፌ። በልቤ ግን ተቃጠልኩ። በአያቴ ማሳ መጡብኛ! አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላም አላልኳትም፤ ሌሎቹም እንደዚያው። «አዋረደችን» ተባለ፣ «የራሷን ጥፋት ለሁላችን ልታካፍል ነው» ተባለ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይታማ።

ሩቂያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በሚያዝያም ደገመችው፤ አሥራ አንድ ሰው ወደቀ። በግንቦት ዘጠኝ። ሁላችንም ሕጉን እናውቀዋለን፤ ስልኩን ዘግተህ፣ ራስህ በምታውቀው ቁጥር መልሰህ ደውል። ማወቁን እናውቀዋለን፣ አፋችን ግን እሺ አይልም። አንድ ቀን ሒክማ ከልምምዱ በኋላ አለቀሰች።

«እትዬ ሩቂያ፣ እኔ አልችልም» አለች። «አባቴ የሚሆኑን ሰው ‹ማን እንደሆኑ ላረጋግጥ› ልበላቸው? ከዚያ ይልቅ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል።»

ሩቂያ አልመከረቻትም። ትክ ብላ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ያለችው እውነት ነው። ሦስት ወር ሙሉ የደከምንበት ሕግ የባለጌ ሕግ ነበር፤ እኛ ደግሞ ባለጌ ለመሆን አልተፈጠርንም።

መፍትሔው በሳምንቱ ከስልኳ ውስጥ ወጣ። እናቷ ከአሊዩ አምባ በደወሉ ቁጥር ሩቂያ የምትለው ነገር አለ፤ እናንተም ትሉታላችሁ፣ እኔም እለዋለሁ። «እማ፣ ዝጊው፣ አይቁጠርብሽ፣ እኔ ልደውል።» ያን ቀን ይህን ብላ ስልኩን ዘጋችና ለመደወል ጣቷን እንዳነሳች ቀረች። ከዚያ እኔ ክፍል በሩጫ ገባች፤ ኩርፊያዬን ረስቼ ተነሣሁ።

«ሳልህ! ሽማግሌን ስልክ ዝጋ ማለት ነውር ነው። ‹አይቁጠርብዎ፣ እኔ ልደውልልዎ› ማለት ግን?»

«ምርቃት ነው የሚያሰጠው» አልኩ።

«በል፣ ሕጋችን እሱ ነው።»

ጥቁር ደብተር ገዛች። ከክሊኒኩ ጋር ጉዳይ ያለውን ሰው ሁሉ፣ ከሐጂ ጀምሮ እስከ ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ፊት ለፊት አግኝታ ቁጥሩን ከራሱ አፍ ተቀብላ ጻፈች። የደወለ ሁሉ ሰላምታው አይቋረጥበትም፣ ጤናው ይጠየቃል፣ ይመረቃል። የይለፍ ቃል ወይም የበሽተኛ ነገር ሲያነሳ ብቻ «አይቁጠርብዎ» ይባላል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ የሚደወለው በመጣው ቁጥር ሳይሆን በደብተሩ ቁጥር ነው። «የለም የለም፣ አይቁጠር ግድ የለም» የሚል ሰው ከመጣ ያው ሌባ ነው። ሰው ልደውልልህ ብሎት እምቢ የሚል ሮቢት ውስጥ አይቼ አላውቅም፤ ሐጂ ራሳቸው ሚስድ ኮል ነው የሚያደርጉት።

በሰኔ የወደቀው ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዱ እኔ ነኝ። ልለው ስል አጎቷ አሊዪ ስለ አያቴ ማሳ ሌላ ነገር አመጡብኝ።

ወረቀቱም መልክ ያዘ። ሩቂያ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ለሚመዘገብ ሁሉ የወረቀት ካርድ መልሳ አበጀች፤ ምስጥ እንዳይደርስበት በቆርቆሮ ሳጥን። መድኃኒት የማይስማማው ሰው ካርድ ላይ ቀይ ክር ታሰረ፤ የመጀመሪያውን ክር ያሰረችው ኑርሃን ካርድ ላይ ነው። ጋሽ ከበደ በሩ ላይ ብረት ሰቀሉ፤ ብረቱ ሦስት ጊዜ ሲመታ ኮምፒውተር ሁሉ ይጠፋል፣ ሳጥኑ ይከፈታል። በሐምሌ ልምምድ ሰልፉ አስፋልቱ አልደረሰም።

ከዚያ የነሐሴው ሰኞ መጣ። ሰኞ ነው፤ ረቡዕ አይደለም።

ሐጂ ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ሊደርሱ፣ ደብረ ሲና ወጥተው ነበር። ሩቂያ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ገብታለች። እኔ የውጤት ወረቀት ለማድረስ ካርድ ክፍል እንደገባሁ ስልኩ ጮኸ፤ ሒክማ አነሳችው። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ለኔም ይሰማል፤ የሐጂ ድምፅ ነው።

«ሒክማ፣ እኔ ነኝ። ስልኬ ባትሪው ሞቶ በሰው ስልክ ነው። የኮምፒውተሩ ድርጅት ሰው አሁን ይደውልልሻል፤ አደጋ አለ፣ የሚጠይቅሽን ቶሎ ስጪው።»

ሒክማ ፊቷ ቀላ። «እሺ ሐጂ… አይቁጠርብዎ፣ እኔ ልደውልልዎ።»

«የምን መደወል ነው! እኔ ነኝ አልኩሽ!»

ዘጋችው። ደብተሩን ገልጣ የሐጂን ቁጥር ደወለች። ዝግ ነው። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ሐጂ አሁን እየጮኹ ነው። «የኔን ድምፅ አታውቂም? ክሊኒኬ ሲቃጠል ዝም ብለሽ ልታዪ ነው? ካልሰጠሽ ነገ በሬ ላይ እንዳላይሽ!»

እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ። «አይቁጠርብዎ» አለች እንደገና፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

እኔስ ምን አደረግሁ? ድምፃቸውን አውቀዋለሁ፣ ሳላቸውን አውቀዋለሁ። «ሒክማ፣ እሳቸው ናቸው!» አልኳት። «ልምምድ አይደለም፣ ዛሬ ሰኞ ነው። ስጪ፣ ከሥራ ትባረሪያለሽ!» ሦስተኛው ስልክ ሲጮህ እኔ ላነሳው እጄን ሰደድኩ። እውነቱን ልናገር፤ ባነሳው ኖሮ የራሴን የይለፍ ቃል እሰጥ ነበር። ሒክማ ስልኩን ቀድማኝ አንስታ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ትሑት ድምፅ ያለው ሰው ነው። ሐጂ እንደላኩት ነገራት፣ ጤናዋን ጠየቃት። መለሰችለት። የይለፍ ቃሉን ሲጠይቃት «አይቁጠርብዎ፣ እኔ ልደውልልዎ» አለችው።

«ግድ የለም እህቴ፣ ይቁጠር። ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

ሒክማ ዞር ብላ አየችኝ። እንባዋ ቆሟል። ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችና በመስኮቱ ብቅ ብላ «ጋሽ ከበደ፣ ብረቱን!» ብላ ጮኸች። ያቺ ልጅ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት እናቷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ሦስት ጊዜ ተመታ። ኮምፒውተር ጠፋ፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ሥራው በወረቀት ቀጠለ። ሩቂያ ሰምታ በባጃጅ ስትደርስ ሰልፉ እየሄደ ነበር። ሒክማን አቅፋ የሆነውን አንድ በአንድ አስነገረቻት። «የሐጂ ድምፅ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እትዬ» አለች ሒክማ፤ «እሳቸው ከሆኑ ተባርሬያለሁ።» «እሳቸው ከሆኑ እኔም አብሬሽ ነኝ» አለቻት ሩቂያ።

ሐጂ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ጭቃ ለብሰው፣ ዓይናቸው ቀልቶ። እሳቸው ነበሩ የደወሉት፤ ራሳቸው።

«የት አለች ያቺ ልጅ?»

ሩቂያ መሐል ገባች። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የሚባረር ካለ እኔን ያባርሩ። ግን ምለዋል፣ ሐጂ።»

«ለልምምዱ ምያለሁ! ይኼ ግን ልምምድ አልነበረም! ድርጅቱ ራሱ ነው የደወለልኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ ጨዋ። ‹የሐጂ እገሌ ልጅ ነዎት?› አለኝ። ‹አባትዎን አሊዩ አምባ ገበያ ላይ አውቃቸዋለሁ› አለኝ። የቤተሰቡን ጤና ጠየቀኝ፣ ዝናቡን…»

«ከብቱን» አለች ሩቂያ ቀስ ብላ። «ማሽላውን።»

ሐጂ አፋቸው እንደተከፈተ ቆሙ። «‹እንዲያ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል› አለዎት?» አለች ሩቂያ።

ሐጂ የበሽተኛ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከአንዲት ሕፃን የታቀፈች እናት አጠገብ፣ ቁጭ አሉ። ከዚያ ሒክማን ጠሩና «ልጄ፣ ነገ ነይ። ከነገ ወዲያም ነይ» አሏት። ወደ ሩቂያ ዞሩ። አሥር ወር ሙሉ በመስኮቷ ሲሏት የኖሩት ነገር ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

«ሩቂያ» አሉ፣ «አፉ በይኝ።»

ሩቂያ ሻሿን አስተካከለች። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር።

«አፉ ብያለሁ» አለች። «ግን ረቡዕ ልምምድ አለ፤ አንቱም ከሠራተኛው ጋር ይቀመጣሉ።»

ረቡዕ መጡ። ከጋሽ ከበደ ቀጥሎ ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የእጅ ስልካቸው ጮኸ፤ እንደ ማር የሚወርድ ድምፅ አባታቸውን አነሳ፣ የአባታቸውን በቅሎ ከነስሟ አነሳ። የሐጂ ዓይን እንባ ሞላ፤ መረቁ፣ ተመረቁ። ከዚያ ሽማግሌው ስለ ኮምፒውተሩ ሲጠይቋቸው ሐጂ አብዱልሰመድ ወደ ሩቂያ አላዩም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አይቁጠርብዎ» አሉ፤ «እኔ ልደውልልዎ።»